ኩድዙ፣ ኮሸሽላ፣ ድብቅ ማስጠያ፦ «መጠጥ በዕፅ ብቻ ይድናል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲሻገር የከረመ አንድ ጽሑፍ፣ መጠጥ የተጠናወተው ሰው ሐኪም ቤት ሳይረግጥ በዕፅዋት ብቻ ይድናል ይላል። ነጥቦቹ በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ኩድዙ የተባለው የእስያ ሐረግ ሥር መጠጥን በ57 በመቶ ይቀንሳል። ሚልክ ትስል የተባለው እሾሃማ ዕፅ ጉበትን ያጥባል፣ የአገራችን ኮሸሽላም ያው ነው። መጠጥ በአንድ ቀን ተቆርጦ ሦስቱ ክፉ ቀናት በጦስኝና በዳማከሴ ይታለፋሉ። እምቢ ላለ ሰው ሳያውቅ ማስጠያ፣ ማለትም መጠጥ የሚያስጠላ ነገር፣ በመጠጡ ይደረግለት። ሐኪም ያለው ኬሚካል ብቻ ነው፣ ዕፅ ግን ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም።

ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ፈጠራ ቢሆን መልስ ባላስፈለገው ነበር። ግማሹ ግን ከእውነተኛ ጥናት የተቀነጨበ ነው፤ ቁጥሩ ተወስዶ፣ ቁጥሩ የተለካበት ሁኔታ ቀርቷል። ከዚያም በላይ «የመጠጥ መድኃኒት» በሚለው አንድ ስም ሦስት የማይገናኙ ሥራዎችን ጨፍልቋል። አንዱ ጠጪው የሚጠጣውን እንዲቀንስ ወይም እንዲተው ማገዝ ነው። ሌላው መጠጥ ሲቋረጥ የሚመጣውን መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ያለ አደጋ ማሳለፍ ነው። ሦስተኛው የተጎዳ ጉበትን ማከም ነው። ለአንዱ የሚረዳ ነገር ለሌላው ዋጋ ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ስሙ ለተጠራ ዕፅ ሁሉ የምናነሳው ጥያቄ «ለየትኛው ሥራ? በምን መጠን? በማን ላይ ተፈትኖ?» የሚል ነው።

ስለ ኩድዙና ስለ 57 በመቶው

ከጽሑፉ ነጥቦች ሁሉ መሠረት ያለው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንየው።

የኩድዙ ሥር በቻይና ባህላዊ ሕክምና ከመጠጥ ጋር ሲነሳ ብዙ ዘመን አስቆጥሯል። በ1993 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተመራማሪዎቹ ኪዩንግና ቫሊ ከሥሩ የሚገኘውን ዳይድዚን የተባለ ንጥረ ነገር መጠጥ ለሚወዱ ሃምስተሮች ሰጥተው የሚጠጡት ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳተሙ። በሰው ላይ ትኩረት የሳበው ሥራ ግን በማሳቹሴትስ በሚገኘው የማክሊን ሆስፒታል ስኮት ሉካስና ባልደረቦቹ የሠሩት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ 14 ብዙ የሚጠጡ ሰዎች ለ7 ቀናት የኩድዙ ጭማቂ (የሥሩ ንጥረ ነገር ተጨምቆ በእንክብል የተዘጋጀ) ወይም ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል፣ ከወሰዱ በኋላ እንደ መኖሪያ ቤት በተዘጋጀ ክፍል ቢራ እንዳሻቸው እንዲጠጡ ተደረገ። አማካዩ ከ3.5 ቢራ ወደ 1.8 ወረደ። በአንድ ጊዜ የሚጎነጩት አነሰ፣ አንዱን ቢራ ለመጨረስም ረዘም ያለ ጊዜ ወሰዱ።

57 የሚለው ቁጥር የመጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ከታተመው ሙከራ ነው። ተሳታፊዎቹ 17 ወንዶች፣ ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 33፣ በሳምንት በአማካይ ወደ 28 መጠጥ የሚጠጡ፣ ሕክምና ግን ያልፈለጉ ነበሩ። ከእነሱ ከፊሉ ለ4 ሳምንታት በቀን ሦስት ጊዜ 250 ሚሊግራም አይሶፍላቮን (ዳይድዚን የሚገኝበት የንጥረ ነገሮች ወገን) የያዘ ጭማቂ፣ የቀሩት ፕላሴቦ ወሰዱ። ጭማቂውን የወሰዱት የሳምንት መጠጣቸው ከ34 እስከ 57 በመቶ ቀነሰ። ጽሑፉ ከሁለቱ ጫፎች ትልቁን ብቻ አንሥቶ ሌላውን ጥሏል። ከሁሉ በላይ የጣለው ግን የመጠጥ አምሮታቸው ያልተለወጠ መሆኑን ነው። ብርጭቆው ቀነሰ፣ ፍላጎቱ ባለበት ቀረ። «ሱሱን ከሥሩ ይነቅላል» ለሚል ሰው ይህ ትንሽ ዝርዝር አይደለም።

ሌላም ሙከራ አለ፤ ጽሑፉ ስሙን እንኳ አላነሳም። በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 38 አሜሪካውያን የቀድሞ ወታደሮች፣ የመጠጥ ጥገኞች፣ 1.2 ግራም የኩድዙ ሥር በቀን ሁለት ጊዜ ወይም ፕላሴቦ ወሰዱ። ከአንድ ወር በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል በአምሮትም ሆነ በመታቀብ ልዩነት አልታየም። አንድ ሐረግ፣ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች። ሰዎቹም አንድ ዓይነት አልነበሩም፣ ለልዩነቱ ትልቁ ተጠርጣሪ ግን መጠኑ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። የማክሊን ጭማቂ ከክብደቱ 25 በመቶው አይሶፍላቮን እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። በቀን 750 ሚሊግራም አይሶፍላቮን ለማግኘት 3 ግራም ያህሉ ይበቃል። አሁን አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ጠርሙስ ላይ «የኩድዙ ሥር 600 ሚሊግራም» ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ የተጻፈው የዱቄቱ ክብደት ነው፤ የንጥረ ነገሩ አይደለም። ዱቄቱ ለምሳሌ 2 በመቶ ቢይዝ አንዱ እንክብል 12 ሚሊግራም ይሰጣል። የጥናቱን መጠን ለመድረስ በቀን ከ60 በላይ እንክብል መዋጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ «ስታንዳርዳይዝድ» (የንጥረ ነገሩ መጠን የተመጠነ) የሚል ቃልና የአይሶፍላቮኑ መቶኛ። ሁለቱም ከሌሉ ስለ ጥናቱ ማውራት አይቻልም። ሥሩን ቆርጦ ማፍላት ደግሞ ከዚህም የባሰ ግምት ነው፤ በሥሩ ውስጥ ያለው መጠን እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ ተቆፈረበት ወቅት ይለያያል። በአሜሪካ ሕግ፣ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ እንዲህ ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት መሥራታቸውን ለመንግሥት ማረጋገጥ አይጠበቅባቸውም። «ከአሜሪካ የመጣ ነው» ማለት ብቻውን ዋስትና የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሙም ያሳስታል። ፑኤራሪያ ሚሪፊካ የሚባለው የታይላንድ ዘመዱ ጠንካራ የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ጠባይ ያላቸው ንጥረ ነገሮች አሉት፤ የሚሸጠውም ጡት ያሳድጋል እየተባለ ነው። መለያው ላይ «ፑኤራሪያ» የሚለውን ብቻ አንብቦ የገዛ ሰው ፈጽሞ ሌላ ነገር ይዞ ይመለሳል። የዕፁ ክፍልም ልዩነት አለው። በቻይናውያን ዘንድ ለስካር ማግስት የሚሰጠው አበባው ነው። ሥሩ ውስጥ ያለው ዳይድዚን ግን አልኮል በጉበት ሲፈጭ የሚወጣውን መርዛማ አሴታልዲሃይድ የሚያስወግደውን ኢንዛይም እንዳይሠራ ያግዳል። ሥሩን ለሃንጎቨር ብሎ ጠጥቶ በላዩ አልኮል መጨመር አሴታልዲሃይድን በሰውነት ውስጥ ሊያቆይ ይችላል፤ ይህ ንጥረ ነገር ደግሞ በካንሰር አምጪነት የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ጽሑፉ «ኬሚካል» እያለ የሚያጥላላው ዳይሰልፊራም፣ በ1948 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ ተመራማሪዎች ለመጠጥ ሕክምና ያስተዋወቁት፣ የሚያግደው ያንኑ ኢንዛይም ነው።

በአጠቃላይ ኩድዙ ላይ ያለን አስተያየት ይህ ነው፦ ጥገኛ ላልሆነ ግን ለሚያበዛ ሰው መጠጡን ለመቀነስ ሊረዳ የሚችል፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ለአጭር ጊዜ የተፈተነ፣ ገና ያልበሰለ ዕፅ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩን ሊያወርድበት ስለሚችል፣ የጡት ካንሰር ያለባት ወይም ታሞክሲፈን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደግሞ በኢስትሮጅን ጠባዩ ምክንያት ሐኪም ሳያማክሩ ሊነኩት አይገባም።

«ጉበት ያጥባል»፦ ሚልክ ትስልና ኮሸሽላ

ጉበት አይታጠብም፤ ራሱ አጣቢ ነው። ከሚልክ ትስል ዘር የሚወጣው ሲሊማሪን መጠጥ እንደሚያስቀንስ የሚያሳይ ነገር የለም። የተፈተነው በሦስተኛው ሥራ፣ ማለትም በጉበት ሕመም ላይ ነው፤ ውጤቱም የተቀላቀለ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ የኦስትሪያ ጥናት በቀን 420 ሚሊግራም የወሰዱ የሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ የሚደድርበት ሕመም) ሕሙማን ረዘም ላለ ጊዜ መኖራቸውን አሳየ። በ1998 እ.ኤ.አ. በስፔን 200 በአልኮል ምክንያት ሲሮሲስ የያዛቸው ሰዎች ላይ በቀን 450 ሚሊግራም ሲሰጥ ግን በሕይወት በመቆየት ልዩነት አልታየም። የሕክምና ሙከራዎችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ18 ሙከራዎች ላይ ያደረገው ግምገማም ጥራት ያላቸው ሙከራዎች ብቻ ሲታዩ ሞትን እንደማይቀንስ ደመደመ።

ትልቁ ጉዳት ከእንክብሉ አይመጣም። ሰውየው «ጉበቴን እየጠበቅሁ ነው» ብሎ መጠጡን መቀጠሉ ነው የሚገድለው።

ኮሸሽላን በተመለከተ፣ በዚህ ስም የሚጠሩት እሾሃማ ዕፅዋት እንደየአካባቢው ብዙ ዓይነት ናቸው። እሾህ ስላላቸው ሚልክ ትስል አይሆኑም። በስም ተመሳሳይነት ዕፅ ማፍላት ከኩድዙው የመጠን ስህተት የከፋ ነው፤ እዚያ ቢያንስ የሚያጋጥመው ያልሠራ ነገር መዋጥ ነው።

«ከተፈጥሮ የሆነ አይጎዳም»

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ አካባቢ፣ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ሆድ የሚያስነፋና የሚገድል እንግዳ የጉበት በሽታ ታየ። ተመራማሪዎች የደረሱበት ምክንያት ከእህል ጋር አብሮ የሚሰበሰበው አጌራተም የተባለ አረም ነው፤ ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ የጉበት መርዝ ይዟል። ማንም ኬሚካል አልጨመረበትም።

ጫትም ዕፅ ነው። ጽሑፉ ስለ ዕፅዋትና ስለ መጠጥ ይህን ሁሉ ሲጽፍ፣ በእኛ አገር መጠጥን ከዕፅ ጋር ከሚያስተሳስሩት ነገሮች ዋነኛውን አለማንሣቱ ይገርማል። ቀን የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበርና እንቅልፍ ለማግኘት ማታ ጨብሲ ይላል፤ ካቲኖን የተባለው የጫት ንጥረ ነገር ያነቃውን አንጎል በአልኮል ያስተኛል። ጠዋት የደከመው ሰውነት እንደገና ጫት ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ሰው ኩድዙም ይውሰድ ናልትሬክሶን የተባለውን የሐኪም መድኃኒት፣ ጫቱ ሳይነካ መጠጡን ብቻ ለመቀነስ ሲታገል ውጤቱ ደካማ ነው። ጫት ለብቻውም ከጉበት ሕመም ጋር ይያያዛል፦ በሐረር ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት በመቃምና ሥር በሰደደ የጉበት በሽታ መካከል ግልጽ ዝምድና አግኝቷል።

ጽሑፉ በጎን የጠቀሰው ሴንት ጆንስ ዎርት፣ የእኛ አሜጃ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሃይፐሪከም፣ መጠጥ በማስቀነስ የተመሰገነው በአይጦች ነው። በሰው ላይ ግን በእርግጠኝነት የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፦ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልና በክንድ የሚቀበር መከላከያ ኃይላቸው ይወርዳል። በዚህ ምክር ምክንያት ያልታሰበ እርግዝና ወይም መድኃኒት የተለማመደ ቫይረስ ቢመጣ ማንም ከመጠጥ መድኃኒቱ ጋር አያያይዘውም።

«በአንድ ቀን ቁረጡ፣ ሦስት ቀን በጦስኝ እለፉ»

ከነጥቦቹ ሁሉ ሰው ሊገድል የሚችለው ይህ ነው።

አልኮል በአንጎል ውስጥ ልጓም የሚይዘውን፣ ጋባ የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ያጠናክራል። አንጎል ለወራትና ለዓመታት ይህን ሲላመድ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚያነቃውን ወገን ያበረታል። መጠጡ በድንገት ሲቆም ልጓሙ ይለቃል፣ የበረታው ግልቢያ ግን ይቀራል። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ሊከተል ይችላል፦ ሰውየው ቀኑንና ቦታውን ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይተኩሳል፣ የደም ግፊቱ ይወጣል። ይህ ሳይታከም ይገድላል። ልብ በሉ፣ ጽሑፉ ቤት ቆዩ የሚላቸው ሦስት ቀናት በትክክል እነዚህ ናቸው።

ጦስኝ ለጉንፋን ደግ ነው። ተልባም ለተቃጠለ ጨጓራ ይመቻል፣ ፈሳሽም ይተካል። የጋባን ልጓም መልሶ የሚይዝ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም የሉም። ከሆቬኒያ ዛፍ የሚገኘው ዳይሃይድሮማይሪሴቲን በጋባ ላይ እንደሚሠራ በ2012 እ.ኤ.አ. የዩሲኤልኤ ተመራማሪዎች በአይጦች አሳይተዋል፤ ነገር ግን በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው። በሃንጎቨር እንክብልነት የሚሸጠውን ይዞ መንዘፍዘፍን መጠበቅ አይቻልም።

በቤት ማቆም የማይገባው ማን ነው? ጠዋት እጁ እስኪረጋ አንድ መለኪያ የሚጥል፤ ከዚህ ቀደም ሲያቆም የተንዘፈዘፈ ወይም የተቃዠ፤ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ወይም የጉበት ሕመም ያለበት፤ ነፍሰ ጡር፤ ብቻውን የሚኖር። መጠኑን ለመገመት ሚሊሊትሩን በአልኮል መቶኛው አባዝታችሁ፣ ውጤቱን በ0.8 አባዝታችሁ ለ100 አካፍሉ። 330 ሚሊሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ ነው። 50 ሚሊሊትር ባለ 40 በመቶ አረቄ 16 ግራም ነው። 300 ሚሊሊትር ጠጅ 10 በመቶ ቢሆን 24 ግራም ይሆናል፤ የቤት ጠጅና አረቄ ግን ከጓዳ ጓዳ ስለሚለያይ ሒሳቡ ሁልጊዜ ግምት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኦዲት የተባለው የ10 ጥያቄ መመዘኛ ከ40 ይታረማል፦ 8 እና ከዚያ በላይ አደገኛ አጠጣጥን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ጥገኝነትን ያመለክታል። 20 የደረሰ ሰው ስለ ዕፅ ከማንበቡ በፊት ከሐኪም ጋር ስለ አቋራረጡ ይነጋገር።

በሐኪም እጅ የሚሆነው ረጅም አይደለም። ዳያዜፓም በበቂ መጠን ተጀምሮ ከ3 እስከ 7 ቀን በመቀነስ ይሰጣል፤ በራስ ገዝቶ መዋጥ ግን ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ያቆማል። ከእሱ ጋር ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ቢያንስ በቀን 100 ሚሊግራም ለ5 ቀን ይሰጣል። ቤተሰብ ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ ቅደም ተከተል አለ። ብዙ ጊዜ የደከመ ጠጪ ጤና ጣቢያ ሲደርስ አስታማሚው «ግሉኮስ ስቀሉለት» ይላል። ታያሚን ሳይገባ ግሉኮስ ብቻ ከተሰጠ፣ የቀረችውን ጥቂት ታያሚን ጨርሶ ቬርኒኬ የተባለውን የአንጎል ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፦ ዓይን ይወናበዳል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ማስታወስ ይጠፋል። ሰውየው ጠጪ መሆኑን ለነርሷ መናገር ነውር አይደለም፤ መድኃኒቱ በቅደም ተከተሉ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

«ሳያውቅ በመጠጡ አድርጉለት»

ማስጠያ ሻጭ በብልቃጡ ውስጥ ያለውን አይናገርም። የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ ነገር መሆኑን ግን ከሚያደርገው መገመት ይቻላል። ኮሶ በልክ ሲወሰድ ትል ያስወጣል፤ ከልክ ሲያልፍ የዓይን ነርቭ እንደሚጎዳ በሕክምና ተመዝግቧል። እንዶድ ልብስ ሲያጥብና ቀንድ አውጣ ሲገድል እንጂ ሲዋጥ ሰው ይመርዛል። ጉበቱ በሲሮሲስ የደደረ ጠጪ በጉሮሮው ግርጌ ያበጡ የደም ሥሮች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ኃይለኛ ትውከት ቢያፈነዳቸው ደሙ የሚቆመው በሆስፒታል ነው፣ ከቆመ። ረጅም ተቅማጥ ፖታሲየምን ያወርድና የልብ ምትን ያዛባል።

ጽሑፉ ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ በማስጠላት ማከም በእርግጥ በዕፅ ተሞክሯል። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲያትል በነበረው የሻደል ሕክምና ቤት ከኢፔካክ ሥር የሚወጣው ኤሜቲን ከመጠጥ ጋር ተጣምሮ ይሰጥ ነበር። ሕመምተኛው ተስማምቶ፣ ሐኪም አጠገቡ ቆሞ፣ ማቅለሽለሹ ከሚጎነጨው መጠጥ ጋር በደቂቃ ልክ እንዲገጥም ተደርጎ። ሰዓቱ ካልገጠመ አንጎል ትውከቱን ከመጠጡ ጋር አያገናኝም። ኤሜቲን ሲጠራቀም የልብ ጡንቻን ይጎዳል። በድብቅ የሚደረገው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያሟላም። ሰውየው የታመመው በምን እንደሆነ ስለማያውቅ የሚጠላው የበላውን ጥብስ ሊሆን ይችላል። ካወቀ ደግሞ የሚጠላው ያደረገበትን ሰው ነው። ዳይሰልፊራምን ደብቆ መስጠትም ያው ነው፤ በላዩ ሲጠጣ ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል፣ ካቆመ በኋላም እስከ 14 ቀን ድረስ አደጋው አይለቅም።

«ሐኪም ያለው ኬሚካል ብቻ ነው»

በመጠጥ ሕክምና በስፋት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ናልትሬክሶን የሚሠራው ከፖፒ ተክል ከሚገኝ አልካሎይድ፣ ከቴባይን ተነሥቶ ነው። ዕፅ ወዳድ ሰው የሚያወድሰው ነገር ቢፈልግ እዚህ ነበረለት። ልዩነቱ አንዱ እንክብል ትክክለኛ 50 ሚሊግራም መያዙና በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ መለካቱ ነው። አሜሪካ ለመጠጥ ያጸደቀችው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት እሱንና ሌላውን የመጠጥ መድኃኒት አካምፕሮሴትን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በዚያው ዓመት 118 ሙከራዎችን የደመረ ግምገማ፣ በቀን 50 ሚሊግራም ናልትሬክሶን ከወሰዱ 11 ሰዎች አንዱ በመድኃኒቱ ምክንያት ወደ ከባድ መጠጥ ከመመለስ እንደሚድን አሰላ። ለአካምፕሮሴት ቁጥሩ ያው 11 ነው፤ የሚለካው ግን ጨርሶ ባለመጠጣት ነው። ከ11 አንድ ተአምር አይደለም። ኩድዙ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ለማውጣት የሚበቃ ሰው ገና አልተፈተነበትም።

ከሐኪም ጋር ለሚነጋገር ሰው የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች፦ ናልትሬክሶን ለመጀመር መጠጥ ማቆም ግዴታ አይደለም፤ አምሮትንና ከመጠጡ የሚገኘውን ደስታ ስለሚያደበዝዝ እየጠጣ ላለም ይሰጣል። አስቀድሞ የጉበት ምርመራ ይደረጋል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት 25 ሚሊግራም ከምግብ ጋር ቢወሰድ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። ጉበቱ በጣም ለተጎዳ ሰው አካምፕሮሴት ይመረጣል፣ 666 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፤ እሱ ደግሞ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ የኩላሊት ምርመራ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ ሕክምና የታወቀ ቦታ ነው።

ለሐኪም ከመንገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ነው። ለወገብም ለጥርስም ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ ስለሚዋጥ ሰው እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም፤ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም እንዲሁ። ሁለቱም ኦፒዮይድ፣ ማለትም የሞርፊን ወገን፣ ናቸው። ናልትሬክሶን የኦፒዮይድን በር ስለሚዘጋ፣ ከመጨረሻው ትራማዶል በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይቆይ የጀመረ ሰው በአንድ ጊዜ በማስመለስ፣ በተቅማጥና በብርድ ይያዛል። ሐኪሙ «የምትወስደው ሌላ መድኃኒት አለ?» ሲል ለወገብ የተገዛውም፣ ከአሜሪካ የተላከው እንክብልም፣ በጓዳ የሚፈላውም ሥር ይነገረው።